ዘለላን ማሳሳት የወይንን ጥራት እንዴት ይለውጣል? ፍሬ እንዳይሰነጠቅስ ምን ያህል ይረዳል?

በገልፍ አገሮች ገበያ ወይን ዓመቱን ሙሉ ከመደርደሪያ አይጠፋም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በብዛት ከሕንድና ከደቡብ አፍሪካ፣ ከግንቦት ጀምሮ ከግብፅ ይገባል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ በተራራማዋ የሳዑዲ ዓረቢያ ከተማ በጣኢፍ ዙሪያ የሚለማው ወይን ለገበያ ይቀርባል። ገዢ ከፊቱ የሚያገኘው ዘለላ ፍሬው ትልቅ ወይም ትንሽ፣ ጣፋጭ ወይም ኮምጣጣ፣ ልጣጩ ያልተነካ ወይም የተሰነጠቀ መሆኑ በከፊል የሚወሰነው ከለቀማው ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሠራተኛው መቀስ ይዞ በተክሉ ሥር በቆመበት ሰዓት ነው።

ይህ ሥራ ፍሬ ማሳሳት ይባላል። በኢትዮጵያ ማሽላ ወይም በቆሎ ያመረተ ሰው የማሳሳትን ጥቅም ያውቃል። በሽልሻሎ ጊዜ ተጠጋግቶ የበቀለው ቡቃያ ሲሳሳ የቀረው ይወፍራል፣ ጥሩ አድርጎም ያፈራል። የወይን ማሳሳት ግን የሚነካው ቡቃያን ሳይሆን ፍሬን በመሆኑ ለመቁረጥ እጅ ያመነታል። ያፈራን ነገር ቆርጦ መሬት ላይ መጣል ኪሳራ ይመስላልና።

ጉዳዩ በጥንቃቄ ሲታይ ማሳሳት በራሱ መድኃኒትም ጉዳትም አይደለም። በጊዜውና በልኩ ሲከናወን ጥራትን ያሻሽላል፣ መሰንጠቅንም ይቀንሳል። ልኩን ሲያልፍ ወይም ከውኃ አሰጣጥ ጋር ሳይቀናጅ ሲቀር ግን ሊከላከለው የታሰበውን መሰንጠቅ ራሱ ሊያባብሰው ይችላል።

አንድ ተክል ስንት ዘለላ መመገብ ይችላል?

የወይን ፍሬ የሚያጠራቅመውን ስኳር በአመዛኙ የሚያዘጋጁለት ቅጠሎች ናቸው። ቅጠሎች ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ያመረቱት ስኳር በተክሉ ምግብ አመላላሽ ሥሮች አማካይነት ወደ ፍሬው ይጓዛል። ስለዚህ ስለ ጥራት ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ በተክሉ ላይ ስንት ዘለላ አለ የሚለው ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ፍሬ ምን ያህል ቅጠል አለ የሚለው ነው።

በዘርፉ ተመራማሪዎች ዘንድ በስፋት የሚጠቀሰው መለኪያ እንደሚያመለክተው፣ በተለመደው የአተካከል ሥርዓት አንድ ኪሎ ግራም ወይን በአግባቡ እንዲበስል ከ0.8 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር የሚደርስ የቅጠል ስፋት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ 40 ዘለላዎች የተሸከመ አንድ ተክል ይታሰብ። ጠቅላላ ጭነቱ 20 ኪሎ ነው፤ የሚያስፈልገውም ወደ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ቅጠል ነው። ተክሉ ያለው ቅጠል 15 ካሬ ሜትር ብቻ ከሆነ በደንብ ሊያበስል የሚችለው ወደ 15 ኪሎ፣ ማለትም 30 ዘለላ ነው። አሥሩ ዘለላዎች ካልተቀነሱ የሚጎዱት እነርሱ ብቻ አይደሉም። አርባውም በከፊል ይራባሉ፤ ስኳራቸው ቀስ ብሎ ይጠራቀማል፣ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ ለቀማውም ይዘገያል። ተክሉ ለመጪው ዓመት የሚያስቀምጠው ስንቅ ስለሚመናመን የሚቀጥለው ዓመት ምርትም ይነካል።

የስኳሩ መጠን የገበያ ጉዳይም ነው። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች ስብስብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የገበታ ወይን ደረጃ፣ ፍሬው ቢያንስ 16 ዲግሪ ብሪክስ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች ሲሆን የስኳሩና የአሲዱ ምጣኔ ታይቶ ሊፈቀድ ይችላል። ብሪክስ የሚባለው በ100 ግራም ጭማቂ ውስጥ ስንት ግራም የሟሟ ንጥረ ነገር እንዳለ የሚያሳይ መለኪያ ሲሆን፣ በወይን ጭማቂ ውስጥ ከሟሟው አብዛኛው ስኳር ነው። በማሳው ላይ ሪፍራክቶሜትር በሚባል ትንሽ መሣሪያ በጥቂት ጠብታ ጭማቂ ይለካል።

ከዚህ ተነሥቶ ፍሬ በቀነሰ ቁጥር ጥራት ይጨምራል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ቅጠሉና ፍሬው አስቀድሞ በተመጣጠኑበት ተክል ላይ ተጨማሪ ዘለላ መቁረጥ በጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ምርት ግን እርግጠኛ ነው። ከመጠን በላይ የተራቆተ ተክል ደግሞ የተረፈውን ጉልበት ወደ ቅርንጫፍና ወደ ቅጠል ያዞረዋል። ያ ቅጠል ተደራርቦ የቀሩትን ዘለላዎች ይጋርዳቸዋል፤ የአየር ዝውውርንም ይዘጋል።

ሦስቱ የማሳሳት መንገዶች

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወይን ሳይንስ ተመራማሪ የነበሩት አልበርት ዊንክለር ማሳሳትን በሦስት ከፍለው ያስረዱ ሲሆን፣ ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የመጀመሪያው ከአበባ በፊት የሚደረገው ነው። አበባው ሳይፈነዳ የአበባ ዘለላዎች በከፊል ይወገዳሉ። የቀሩት ብዙ ምግብ ስለሚያገኙ አበቦቻቸው በብዛት ወደ ፍሬነት ይለወጣሉ። ይህ ፍሬ መያዝ ለሚያስቸግራቸውና ዘለላቸው ሳስቶ ለሚቀር ዝርያዎች ይጠቅማል። በተፈጥሮው ዘለላው ጥቅጥቅ ላለ ዝርያ ግን የማይመከርበት ምክንያት አለ፤ ዘለላውን ይበልጥ ያጠጋጋዋል፤ መጠጋጋት ደግሞ ከዚህ በታች እንደሚብራራው ለመሰንጠቅ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው ፍሬው ከያዘ በኋላ ሙሉ ዘለላዎችን ማስወገድ ነው። በዚህ ጊዜ የትኛው ዘለላ በደንብ እንደያዘ፣ የትኛው እንደተጎዳ ወይም ቅርጹ እንደተበላሸ በዓይን ስለሚለይ ሠራተኛው መርጦ መቁረጥ ይችላል። የተክሉን ጭነት ከቅጠሉ ጋር ለማመጣጠን ቀጥተኛው መንገድ ይህ ነው።

ሦስተኛው ዘለላውን ሳያስወግዱ በውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ማሳሳት ነው። የዘለላው ጫፍ ይቆረጣል፣ አንዳንድ የጎን ክንፎች ይወገዳሉ፣ ወይም በመካከሉ ያሉ ፍሬዎች በጠባብ መቀስ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። የቀሩት ፍሬዎች ለመወፈር ቦታ ያገኛሉ። ከፍተኛ የሰው ጉልበት የሚጠይቀው ይህኛው ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ባለ ዘለላ ላይ የሚደርሰውን መሰንጠቅ ለመቀነስ ከሁሉ ይልቅ የሚረዳውም እርሱ ነው።

የፍሬ ለፍሬ ማሳሳት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ጃፓን ጥሩ ማሳያ ናት። በዚያ ኪዮሆ የተባለው ትልቅ ፍሬ ያለው ወይን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዘለላ ላይ ከ30 እስከ 35 የሚደርሱ ፍሬዎች ብቻ እንዲቀሩ ተደርጎ ይሳሳል። በኢሺካዋ ግዛት የሚመረተው ሩቢ ሮማን ደግሞ በስሙ ለመሸጥ እያንዳንዱ ፍሬ ቢያንስ 20 ግራም መመዘን፣ የስኳሩ መጠንም ቢያንስ 18 ከመቶ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ አንድ ዘለላ በ1.5 ሚሊዮን የን ተሽጧል። ይህ ለማስታወቂያ የሚከፈል የጨረታ ዋጋ እንጂ የዕለት ገበያ ዋጋ አይደለም፤ ሆኖም ገዢ ከብዛት ይልቅ ለመጠንና ለጥፍጥና ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ያሳያል።

በብዙ አገሮች ዘር አልባ ወይን የሚያመርቱ እርሻዎች ጂበሬሊን የተባለውን የዕፅዋት ሆርሞን ይጠቀማሉ። በአበባ ጊዜ ሲረጭ የተወሰኑ አበቦች እንዲረግፉ በማድረግ ያሳሳል፤ ፍሬው ከያዘ በኋላ ሲረጭ ደግሞ ፍሬውን ያሳድጋል። መቀስ ግን አሁንም አልቀረም፤ ሆርሞኑ የጨረሰው የመሰለው ሥራ በእጅ መስተካከሉ የተለመደ ነው።

ፍሬው ለምን ይሰነጠቃል?

የወይን ፍሬ በስስ ልጣጭ የተሸፈነ የጣፋጭ ውኃ ከረጢት ነው ማለት ይቻላል። ፍሬው መለስለስና ቀለም መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ስኳር በፍጥነት ይጠራቀምበታል። ስኳር ውኃን ይስባል። በዚያው ወቅት የልጣጩ የመለጠጥ አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። ወደ ውስጥ የሚገባው ውኃ ልጣጩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ልጣጩ ይቀደዳል።

ውኃው በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ከሥር ተነሥቶ በግንዱ በኩል የሚደርሰው ነው። ለብዙ ቀናት የተጠማ መሬት ድንገት በብዛት ሲጠጣ፣ ወይም ከረጅም ድርቀት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ ተክሉ የሚወስደው ውኃ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ሌሊት ቅጠሎች ውኃ የሚያተኑት ጥቂት ስለሆነ በተክሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ሁለተኛው መንገድ በራሱ በልጣጩ በኩል ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ በፍሬው ላይ ለሰዓታት ሲቆይ በጥቃቅን ስንጥቆችና ፍሬው ከጭራው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

የዘለላው መጠጋጋት አደጋውን የሚያብሰው እዚህ ላይ ነው። ፍሬዎች እርስ በርሳቸው ሲጫኑ በሚነካኩበት ቦታ ላይ የልጣጩ መከላከያ ሰም በደንብ አይፈጠርም፤ ያለውም ይፋቃል። በመካከላቸው የገባ ውኃ በነፋስ አይደርቅም። ፍሬው ሲወፍር የሚሰፋበት ቦታ ስለማያገኝ ጎረቤቱን ይገፋል፤ አንዳንዴም ከጭራው ተነቅሎ እስኪወጣ ድረስ ይጨመቃል።

ጉዳቱ በአንዱ ፍሬ ላይ አይቆምም። ከስንጥቁ የሚፈሰው ጣፋጭ ጭማቂ ዝንቦችን ይጠራል፣ እርሾና ሻጋታ ያራባል። ቦትራይቲስ የተባለው ግራጫ ሻጋታ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዘለላውን፣ ከተጫነም በኋላ ሣጥኑን ያበላሻል። ለዚህ ነው ጥቂት የተሰነጠቁ ፍሬዎች በማሸጊያው ቤት ውስጥ የብዙ ሰዓት ሥራ የሚፈጥሩት።

ማሳሳት የሚረዳው መቼ ነው? የሚጎዳውስ?

ፍሬ ለፍሬ ማሳሳት መጠጋጋቱን ስለሚያቃልል ለመሰንጠቅ ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱን በቀጥታ ያስወግዳል። አየር በዘለላው ውስጥ ይዘዋወራል፣ ውኃ ቶሎ ይደርቃል፣ የሚረጨው መድኃኒትም ወደ ውስጠኛው ፍሬ ይደርሳል። ሥራው ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ፣ ከአተር መጠን ብዙም ሳያልፍ ቢከናወን ይመረጣል። በዚያን ጊዜ የቀሩት ፍሬዎች ልጣጭ ከፍሬው ጋር አብሮ የማደግ ዕድል ያገኛል፤ መቀሱም በቀላሉ በመካከላቸው ይገባል።

ይሁን እንጂ ማርም ሲበዛ ይመራል። ሙሉ ዘለላዎች ከልክ በላይ ሲወገዱ ለብዙዎች ይከፋፈል የነበረው ውኃና ስኳር በጥቂቶች ላይ ይከማቻል። ፍሬዎቹ በፍጥነት ይወፍራሉ፣ ስኳራቸው ከፍ ይላል፣ ልጣጫቸውም ይወጠራል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ዝናብ ቢጨመርበት የመሰንጠቅ ዕድሉ ይሰፋል። ተመሳሳይ ነገር በቼሪ ዛፎች ላይ በግልጽ ይታያል። ጥቂት ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ይሆናል፤ ዝናብ ሲመታው የሚሰነጠቀውም እርሱ ነው።

ዘግይቶ ማሳሳትም የራሱ ገደብ አለው። ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር ወደ ኋላ የቀሩ አረንጓዴ ዘለላዎችን ማንሣት ለቀማው አንድ ወጥ እንዲሆን ይረዳል። የፍሬውን መጠን ለማሳደግ ግን ጊዜው አልፏል፤ የሴሎቹ ብዛት የሚወሰነው አበባው ፍሬ ከያዘ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነውና።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መቀስና ውኃ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይገባ ነው። ጭነቱ የተቀነሰ ተክል የቀድሞውን ያህል ውኃ ላያስፈልገው ይችላል። በጠብታ መስኖ ጥቂት በጥቂት፣ ሳያቋርጡ ማጠጣት አፈሩን በአንድ ዓይነት እርጥበት ያቆየዋል። አፈሩ እስኪሰነጠቅ ከተጠበቀ በኋላ አጥለቅልቆ ማጠጣት ግን በማሳሳት የተገኘውን ጥቅም በአንድ ሌሊት ሊያጠፋው ይችላል።

ዝናብ በማይጠበቅበት ጊዜ ሲመጣ

በሕንድ የማሃራሽትራ ግዛት የምትገኘው ናሲክ ለገልፍ ገበያ ወይን ከሚያቀርቡ ዋና ዋና አካባቢዎች አንዷ ናት። በዚያ ወይኑ የሚበስለው በደረቁ ወቅት ቢሆንም፣ አልፎ አልፎ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ስኳር በያዘው ፍሬ ላይ ይወርድና ልጣጩን ይሰነጥቃል። ለአንድ ዓመት ሙሉ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለሠራተኛ ወጪ ያደረገ ገበሬ ለቀማው በቀረበበት ሳምንት ምርቱን ሊያጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ተክሉን በፕላስቲክ የመሸፈን ልማድ በዚያ እየተስፋፋ ነው። በደቡብ ኢጣልያ በፑሊያም የገበታ ወይንን መሸፈን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የተለመደ ሥራ ነው።

ጣኢፍ በሳራዋት ተራሮች ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በጽጌረዳዋ፣ በሮማኗና በወይኗ ትታወቃለች። ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አየሯ ቀዝቃዛ በመሆኑ ለወይን ይስማማል። በተራራማ አካባቢ ግን ድንገተኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በዚያም ቢሆን የሳሳና አየር የሚያስገባ ዘለላ አስተማማኝ ነው። በኢትዮጵያ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ሰፊ የወይን እርሻ አለ። እንዲህ ባለ ክረምትና በጋ በሚፈራረቅበት አገር ገና ከመጀመሪያው የሚታሰበው የግርዘቱ ጊዜ ነው፤ የመብሰያው ሳምንት ከክረምቱ ዝናብ ጋር እንዳይገጥም ማድረግ ከማንኛውም መቀስ ይቀድማል።

ሐሳቡ ከወይን አልፎ በገልፍ ለሚኖሩ በይበልጥ ወደሚያውቁት ዛፍ ይደርሳል። በቴምር እርሻ የሚሠሩ ሰዎች ፍሬው እንደያዘ ከዘለላው ክሮች ጥቂቱን ይቆርጣሉ፣ የቀሩትንም ጫፋቸውን ያሳጥራሉ። ዓላማው አንድ ነው፤ ፍሬው እንዲወፍር፣ እኩል እንዲበስል፣ አየር እንዲዘዋወር። ቴምሩ ገና ጠንካራ ሳለ፣ ዓረቦች ኸላል በሚሉት ደረጃ፣ ብርቱ እርጥበት ካገኘው ልጣጩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሮማንም እንዲሁ ውኃው ሲዛባበት ይፈነዳል።

በሠራተኛው እጅ ያለው ነገር

ማሳሳት ጥንቃቄ የሚሻ የእጅ ሥራ ነው። ጫፉ የደደረ ወይም ክብ የሆነ ጠባብ መቀስ የቀሩትን ፍሬዎች ከመውጋት ያድናል፤ በመቀስ የተወጋ ፍሬ በኋላ የሚሰነጠቅበትን ቦታ አስቀድሞ ያገኘ ማለት ነው። ዘለላው የሚያዘው በጭራው እንጂ በፍሬው ላይ አይደለም፤ መዳፍ ሰሙን ይፍቀዋልና። የታመመ ተክል የተቆረጠበት መቀስ ሳይጸዳ ወደ ሌላው መሻገር የለበትም። ሥራው በተክል ቁጥር በሚከፈልበት ቦታ ደግሞ ፍጥነት ከጥንቃቄ ጋር ይጋጫል። ስንት ዘለላ፣ በዘለላውም ላይ ስንት ፍሬ እንዲቀር አሠሪው ወይም ተቆጣጣሪው አስቀድሞ በናሙና ተክል ላይ ቢያሳይ፣ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ሁለቱንም ወገኖች ያድናል።

የጤና ጉዳይም አለ። የማሳሳት ወራት መድኃኒት የሚረጭባቸው ወራት ናቸው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሰው ወደ ማሳው ሊገባ የሚችለው ከስንት ሰዓት ወይም ቀን በኋላ እንደሆነ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሠራተኛው ምን እንደተረጨና መቼ እንደተረጨ መጠየቁ፣ ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ማድረጉ፣ ከመብላቱም በፊት እጁን በሳሙና መታጠቡ ከሥራው የማይለይ ጥንቃቄ ነው።

ገዢው ምን ይመልከት?

በደንብ የተያዘ ወይን ጭራው አረንጓዴና ተጣጣፊ ነው። ፍሬዎቹ ሳይጨናነቁ ሞልተዋል፤ ዘለላው ቀስ ብሎ ሲነቀነቅም አይረግፉም። በልጣጩ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ የሚመስል ነገር ብዙዎች እንደሚገምቱት የመድኃኒት ቅሪት ሳይሆን፣ ፍሬው ራሱ የሚያወጣው መከላከያ ሰም ነው። በወጉ መቆየቱ ወይኑ ብዙ እንዳልተነካካ ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ሳይታጠብ ይበላል ማለት አይደለም።

ከመግዛት በፊት የሣጥኑን ግርጌ ማየት ይበጃል፤ እርጥበት ካለ በመካከሉ የተሰነጠቀ ፍሬ አለ ማለት ነው። ቤት ሲደርሱ የተሰነጠቁትን ለይቶ ማውጣት፣ የቀሩትን ሳያጥቡ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ፣ መታጠቡን ግን ለመብላት ሲቃረቡ ማድረግ ወይኑን ያቆየዋል። ከላይ እንደተብራራው፣ በልጣጭ ላይ የሚቆይ ውኃ ከማሳውም ከቤትም የወይን ጠላት ነው።

ለአምራቹ ደግሞ ስሌቱ ከመቀሱ ይቀድማል። ቅጠሉን መገመት፣ ጭነቱን መመዘን፣ የዝርያውን ጠባይ ማወቅ፣ ከዚያም ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ መቁረጥና ውኃውን ከቀረው ጭነት ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። በዚህ ቅደም ተከተል የተወገደው ዘለላ ኪሳራ አይሆንም። በለቀማው ጊዜ ከተሰነጠቀው ጋር ሊጣል የነበረው ነው፤ ልዩነቱ ውኃና ማዳበሪያ ሳይፈጅ፣ የቀሩትንም ሳያበላሽ ቀድሞ መወገዱ ነው።